ሳተላይቱ ማንንም አያይም፤ መዝገቡ ግን ያውቃል

«ሎኬሽን ከከፈትክ ሳተላይቱ ያይሃል፤ ከዘጋኸው ማንም አያገኝህም» የሚለው ወሬ ሳያረጅ በየቴሌግራሙ ይዞራል። አንዳንዱ ደግሞ ጅራት ይቀጥልለታል፦ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ የቦታ ማወቂያ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው የቤቱን በር ለሌባ እንደከፈተ ነው ይላል። የመጀመሪያውን ስሕተት ለማረም ብዙ ቀለም አያስፈልግም። የጂፒኤስ ሳተላይት ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እየዞረ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ያለማቋረጥ ይናገራል፤ ከስልክ የሚሰማው አንዳች ነገር የለም። ስልኩ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን መልእክት ይቀበልና ምልክቱ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ቦታውን ራሱ ያወጣል። የጅራቱ ስሕተት ግን እንዲህ በአንድ አንቀጽ አይሸኝም። ክፍት ኮድ አደጋ ነው የሚሉትም፣ ክፍት ኮድ ነጻነት ነው የሚሉትም ዓይናቸውን የተከሉት ኮዱ ላይ ነው፤ ነገሩን የሚወስነው ግን ኮዱ የሚያነበው የራውተሮች መገኛ መዝገብ በማን እጅ እንዳለ ነው።

ጂፒኤስ ካለ መዝገብ ለምን አስፈለገ? ሳተላይቱ መልእክቱን የሚልከው በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ እርዳታ የሌለው ተቀባይ የአንዱን ሳተላይት ትክክለኛ ምሕዋር አንብቦ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ በፎቅና በኮርኒስ ሥር ደግሞ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ይዳከማል ወይም ይጠፋል። አብዛኛው ላፕቶፕ የጂፒኤስ ቺፕ የለውም፤ ሆኖም ካርታ ሲከፈትበት የቆመበትን መንገድ ብዙ ጊዜ በትክክል ያሳያል። ይህን ያየ ሰው «ድብቅ ቺፕ አለበት» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ድብቅ ቺፕ ግን የለም። ኮምፒውተሩ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው የኢንተርኔት አድራሻውን ማለትም አይፒውን መጠየቅ ነው፤ ይህ አገርን ብዙ ጊዜ፣ ከተማን አንዳንድ ጊዜ ያገኛል፣ ቤትን ግን አያገኝም። ያገኛል ብሎ ማመን ምን እንደሚያስከትል በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ያለ አንድ የእርሻ ቤት ምስክር ነው። ማክስማይንድ የተባለው ድርጅት ከአገሩ በቀር ምኑም ያልታወቀን የአሜሪካ አይፒ ሁሉ በአገሪቱ መካከል በግምት በተመረጠ አንድ ነጥብ ላይ መዝግቦት ነበር፤ ነጥቡ የወደቀው በዚያ ቤት ነው። ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች እዚያ ተከምረው፣ የተሰረቀ ስልክ ፈላጊውም፣ የተጭበረበረውም፣ ፖሊሱም ለዓመታት የማያውቃቸውን ሰዎች በር ሲያንኳኳ ኖረ። ጉዳዩ በ2016 ይፋ ከወጣ በኋላ ድርጅቱ ነጥቡን ወደ ሐይቅ አዛወረው። «በአይፒ ቤቱ ተገኘ» የሚል ዜና ያነበበ ሰው ይህን ቤት ያስታውስ።

ሁለተኛው ምርጫ ዋይፋይ ነው፤ የረቀቀው ሥራ ያለውም እዚህ ነው። እያንዳንዱ ራውተር በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል «አለሁ» ይላል፤ ከዚህ ጥሪ ጋር ባለ 48 ቢት መለያ ቁጥሩን ይናገራል። ቁጥሩን ለመስማት የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ መገናኘትም አያስፈልግም። በፒያሳና በመርካቶ መካከል ዓይኑን ተሸፍኖ የቆመ የአዲስ አበባ ሰው የጊዮርጊስን ደወልና የአንዋር መስጊድን አዛን ከሰማ፣ የትኛው እንደሚጎላ አመዛዝኖ የት እንዳለ ይገምታል፤ ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ግን ያንኑ ድምፅ ሰምቶ ምንም አያውቅም። ልዩነቱ ጆሮ ላይ አይደለም፤ የየትኛው ድምፅ ምንጭ የት እንደሆነ አስቀድሞ በማወቅ ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅለት መዝገቡ ነው። መዝገቡን የሚሞላው ደግሞ ጂፒኤሱን ከፍቶ በመንገድ የሚያልፍ ስልክ ነው፤ የሰማውን ቁጥር ሁሉ ከድምፁ ጉልበትና ከቆመበት ነጥብ ጋር ይጽፋል። አንድ ቁጥር ከብዙ ነጥቦች ከተሰማ፣ ጎልቶ ለተሰማበት ነጥብ የበለጠ ክብደት ተሰጥቶ አማካዩ ይወሰድና ራውተሩ እዚያ አለ ተብሎ ይመዘገባል።

አማካይ ሲባል ጨዋታው ያለቀ ይመስላል፤ ገና መጀመሩ ነው። የድምፁ ጉልበት እንደ ሜትር የሚታመን አይደለም፤ የብሎኬት ግድግዳ ያዳክመዋል፣ ቆርቆሮ ያንጸባርቀዋል፣ የሰው ገላም ውሃ ስለሚበዛው ይውጠዋል። ሰብሳቢው የሚያልፈው በአስፋልት ስለሆነ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ያለ ራውተር በመዝገቡ ላይ ወደ መንገዱ ተስቦ ይገኛል፤ ካርታው ሰውን በር ላይ የሚያቆመው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የሚንቀሳቀስ ራውተር ነው። በአውቶቡስ የተገጠመ ወይም ከስልክ የሚለቀቅ ሆትስፖት በሁለት ሩቅ ቦታዎች ሲሰማ ይጋለጣል፤ ጥሩ ሶፍትዌርም ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ከዱባይ በሻንጣ መጥቶ አዲስ አበባ የተሰካ ራውተርስ? መለያ ቁጥሩ አብሮት መጥቷል፤ መዝገቡ ግን አሁንም ዱባይ ነው ይላል። አራት ጎረቤቶች አዲስ አበባ ብለው ከመሰከሩ ሶፍትዌሩ ብዙኃኑን ተቀብሎ እንግዳውን ይጥለዋል። ጎረቤቶቹ በመዝገቡ ከሌሉ ግን ቦሌ የተቀመጠ ላፕቶፕ የዱባይን ካርታ ቢያሳይ ጠላፊ ገብቶ አይደለም፤ ብቸኛው ምስክር ያረጀ መረጃ ይዞ ነው።

አሁን ወደ ክፍት ኮዱ እንመለስ። ሞዚላ በ2013 የጀመረው የቦታ አገልግሎት በዚህ መስክ ትልቅ የሕዝብ ሙከራ ነበር። ኢክኔያ የተባለው የሰርቨሩ ኮድ ለማንም ክፍት ነበር፤ በጎ ፈቃደኞች ስልካቸው ላይ ስተምብለር የተባለውን መተግበሪያ ጭነው መንገድ ለመንገድ ቁጥር ሰበሰቡ። በሊነክስ ኮምፒውተሮች ላይ ለመተግበሪያዎች ቦታ የሚነግረው ጂኦክሉ፣ ከጉግል አገልግሎት ውጭ በሚሠሩ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ማይክሮጂ ለዓመታት ከዚህ መዝገብ ጠይቀዋል። በ2019 ስካይሁክ የተባለ ኩባንያ የፓተንት መብቴ ተጥሷል አለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ተዘጋ፤ ስምምነቱ ግን አገልግሎቱን እንደልብ ማሳደግን ከባድ አደረገው። የመሰብሰቢያው መተግበሪያ ቆመ፤ አዲስ መረጃ ሲቀር ትክክለኛነቱ ወረደ፤ በ2024 አገልግሎቱ ተዘጋ። ኮዱ ግን እንዳለ ነው፤ ማንም አውርዶ በራሱ ሰርቨር ሊያስነሣው ይችላል፤ የሚያስነሣው ግን ባዶ መዝገብ ነው። የስልክ ማማዎች መረጃ ለሕዝብ ይታተም ነበር፤ የዋይፋዩ ግን ለሰዎች ምስጢር ሲባል አንድም ቀን አልታተመም። ቢከንዲቢ የተባለው ተተኪ የዋይፋይ መዝገቡን በበጎ ፈቃደኞች እጅ እንደገና ለመገንባት የተገደደው ለዚህ ነው። የክፍት ኮድ ወዳጆች ኮዱ ካልሞተ ፕሮጀክቱ አልሞተም ሲሉ ይደመጣል። በጽሑፍ ማረሚያ ወይም በሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ልክ ናቸው፤ እዚህ ግን የፕሮጀክቱ ነፍስ ኮዱ ውስጥ አልነበረችም።

የወሬው ባለቤቶች እዚህ ላይ ይነሡና «እንግዲያው መዝገቡን የሚሰበስቡት እነዚሁ የክፍት ኮድ ሰዎች ናቸው፤ ኮዳቸውን ሁሉ ሰው ካየው ሌባው ቀዳዳውን ያገኛል» ይላሉ። የታየው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ2010 ኮዱ ለሕዝብ ያልተከፈተው የጉግል የመንገድ ፎቶ መኪና የራውተር ቁጥር ብቻ ሳይሆን ባልተቆለፉ ኔትወርኮች ውስጥ ያልፍ የነበረ የሰዎች መልእክት ጭምር ሲቀዳ መክረሙ ታወቀ፤ ኩባንያው መጀመሪያ ክዶ በሳምንታት ውስጥ አመነ። በ2024 ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፕልን መዝገብ ከውጭ ሆነው በመጠየቅ ብቻ፣ ምንም ሳይሰብሩ፣ በዓመት ውስጥ ከ2 ቢሊዮን በላይ ራውተሮች ያሉበትን ቦታ አወጡ። ለአንድ ቁጥር ሲጠየቅ እስከ 400 የሚደርሱ የአካባቢውን ራውተሮች ጨምሮ የሚሰጥ አሠራር ስለነበረ ነው። ሁለቱም ዝግ ሥርዓቶች ነበሩ። ኮዱ ክፍት ሲሆን ቢያንስ ስልኩ ምን እንደሚልክ አንብቦ መመስከር ይቻላል።

ይህን ካልኩ በኋላ የራሴ ወገን፣ የክፍት ኮዱ ጎራ፣ የሚያፍርበትንም ማንሣት ግድ ነው። የተሰበሰበ መዝገብ በቅን ሰዎች እጅ ስላለ ብቻ ደኅና አይሆንም። የሚደበድባትን ባሏን ሸሽታ ራውተሯን ይዛ የወጣች ሴትን እናስብ፤ ባልየው የራውተሩን ቁጥር ስለሚያውቅ መዝገቡን ቢጠይቅ አዲሱን ቤቷን ያገኘዋል። የሞዚላ አገልግሎት ለአንድ ቁጥር ብቻ አልመልስም፣ ጎን ለጎን የሚገኙ ቢያንስ ሁለት ቁጥሮች ካልቀረቡልኝ ይል የነበረው ይህን ለመከላከል ነው፤ የዱባዩን ራውተር ዓይነት ስሕተትም በዚያው ይቀንሳል። ጥበቃው ግን ፍጹም አይደለም፤ የሰፈሩን ሌላ አንድ ቁጥር የገመተ ሰው ያልፈዋል። በራውተሩ ስም መጨረሻ ላይ በላቲን ፊደል የታች ሰረዝና «ኖማፕ» የሚል ቃል መጨመርም ይቻላል። ጉግል በ2011 ያመጣው፣ ሞዚላ ያከበረው፣ አፕልም በ2024 የተቀበለው ምልክት ነው። ያልሰማ ሰው ግን ፈቃዱን ሳይጠየቅ ይመዘገባል፤ ይህም በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

አንዳንዶች መዝገቡን በሙሉ አትሙት፣ ስልኩ አውርዶ ራሱ ያስላ ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ጠያቂው የት እንዳለ ለማንም አይናገርም፤ ግን የሁሉም ሰው ራውተር ለሁሉም ይገለጣል። መዝገቡ በሰርቨር ይቀመጥ ካልን የራውተሩ ባለቤት ይሸሸጋል፤ ጠያቂው ግን በየጥያቄው የት እንዳለ ለሰርቨሩ ይናገራል፤ ሰርቨሩ ሲዘጋም ሁሉ ነገር አብሮ ይዘጋል። እኔ የማደላው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ጠያቂው ላለመጠየቅ መምረጥ ይችላል፣ የተመዘገበው ሰው ግን መመዝገቡን እንኳ አያውቅም። ዋጋው ደግሞ አይደበቅም፤ የሞዚላ መዝገብ ከሰርቨሩ ጋር ስለተዘጋ፣ በጎ ፈቃደኛ እንደገና ባልዞረበት ሰፈር የሊነክስ ላፕቶፕ የሚያውቀው ራውተር ሲያጣ ወደ አይፒ ይመለሳል። የጎንደር ተጠቃሚ ኢንተርኔቱ በአዲስ አበባ በኩል የሚወጣ ከሆነም የአየር ሁኔታ መተግበሪያው የአዲስ አበባን ዝናብ ይነግረዋል።