ሥራ ሳይለቁ የጤና ፍትሐዊነትን መማር

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት 39 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። እዚህ ቁጥር ላይ የቆመ አንባቢ የአገሪቱ ሽፋን ዝቅተኛ ነው ብሎ ያልፋል። ሠንጠረዡን ወደ ታች ዘልቆ ላነበበ ግን አዲስ አበባ 89 በመቶ ላይ፣ አፋር ደግሞ 15 በመቶ ላይ ናቸው። ክትባቱም ሆነ የሚሰጥበት የዕድሜ ሰሌዳ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ልዩነት ከየት መጣ? ከመንገዱ፣ ከበጀቱ፣ ከባለሙያው ስርጭት፣ ከእናቲቱ ትምህርት፣ አገልግሎቱ ሲነደፍ ማን ታስቦ እንደነበር ከሚወስነው ውሳኔ። የጤና ፍትሐዊነት ጥናት የሚባለው ይህንን ሰንሰለት ወደ ኋላ ተከትሎ መመርመር ነው።

ሁሉም የጤና ልዩነት ግን ኢፍትሐዊ አይደለም። ሽማግሌ ከወጣት ይልቅ ቢታመም ማንንም አንከስም። ብሪታንያዊቷ ምሁር ማርጋሬት ኋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት ጽሑፍ ያቀረቡት መመዘኛ እስካሁን ይሠራበታል፤ ልዩነቱ ሊቀር የሚችል ነው ወይ? የደረሰበት ሰው በራሱ ምርጫ ያመጣው ነው ወይስ ተጭኖበት? ከእሳቸው 20 ዓመት ገደማ ቀደም ብለው፣ በዌልስ የማዕድን ሠራተኞች መንደር ሐኪም የነበሩት ጁሊያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ከባድ ትዝብት አስፍረው ነበር። ጥሩ ሕክምና ብዙ በሚታመመው ሕዝብ ዘንድ ይሳሳል፣ እምብዛም በማያስፈልገው ዘንድ ይትረፈረፋል፤ ሕክምናው ለገበያ በተተወ መጠን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሰር ማይክል ማርሞት የተመራው የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ሪፖርትም ምክንያቶቹን ከሆስፒታል ግቢ ውጭ፣ በመኖሪያ ቤት፣ በሥራ፣ በገቢና በሥልጣን ክፍፍል ውስጥ ፈልጓል። በዚህ መስክ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራ ሰው የበሽታ ስርጭትንና ስታትስቲክስን ከኢኮኖሚክስ፣ ከታሪክና ከፖለቲካ ጋር አብሮ የሚማረው ለዚህ ነው።

እኔ ይህ ትምህርት፣ ከሌሎች ብዙ የትምህርት ዓይነቶች በተለየ፣ ከሥራ ገበታ ሳይነሱ ቢማሩት የበለጠ ይገባል ባይ ነኝ። ቀዶ ሕክምናን በርቀት መማር አይቻልም። ኢፍትሐዊነትን ለመማር ግን ዋናው ቤተ ሙከራ የጤና ጣቢያው መዝገብ፣ የወረዳው ዕቅድና በጀት፣ ከጤና ኬላው የሚመጣው ወርሃዊ ሪፖርት ነው። ይህ ሁሉ ያለው ተማሪው ደመወዝ በሚበላበት ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በክፍል ውስጥ ከሚሰጡት የመለኪያ ዘዴዎች አንዱ ቤተሰቦችን ከድሃው እስከ ሀብታሙ በተርታ አሰልፎ አገልግሎቱ በየትኛው ጫፍ እንደተከማቸ ያሰላል። ሀብቱ የሚለካው በአብዛኛው በንብረት ነው፤ የቤቱ ጣሪያና ወለል፣ መብራት፣ ሬዲዮ፣ የመጸዳጃ ዓይነት። ለንደን ተቀምጦ ይህን ለሚማር ሰው ስሌቱ ንጹሕ ነው። ሰመራ ወይም ጎዴ የሚሠራ የጤና መኮንን ግን ወዲያው ጥያቄ ይመጣበታል፤ ብዙ ግመል ያለው ቆርቆሮ የሌለው ሰው የት ሊመደብ ነው? መለኪያው ወደ ከተማ ኑሮ ያዘነብላል የሚለው ትችት በምሁራኑም ዘንድ የታወቀ ነው፤ ይህ ተማሪ ግን ትችቱን ከመጽሐፍ ሳያነበው በፊት ያውቀዋል። መምህሩ ይህን ዕውቀት አውጥቶ እንዲያሳይ ዕድል ከሰጠው፣ የርቀት ትምህርቱ በአካል ከሚሰጠው የላቀ ይሆናል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሴቶች በየቀበሌው፣ ለ5,000 ሕዝብ ያህል፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው እንዲመደቡ ተደረገ። ከአፍሪካ ትልልቅ የጤና ሥራዎች አንዱ ነው፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ። ሆኖም ንድፉ የታሰበው በአንድ ቦታ ለሰፈረ አርሶ አደር ነበር። አርብቶ አደሩ ከከብቱ ጋር ሲንቀሳቀስ ጤና ኬላው ባለበት ይቀራል፤ 10ኛ ክፍል የጨረሰች ሴትም በአካባቢው እምብዛም አትገኝም ነበር። በኋላ ለአርብቶ አደር አካባቢዎች መስፈርቱና ሥልጠናው መስተካከል ነበረበት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር መስጠት ልዩነትን ሊያሰፋ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከሥራ ሳይነሱ የማጥናት መንገድ አዲስ አይደለም። የለንደኑ የንጽሕና አጠባበቅና የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በርቀት ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳም አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ሥራቸውን ሳይለቁ ለሚማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በር ሆኗል። ከዲግሪ በታች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ግድም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ አምሬፍና ዩኒሴፍ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች 13 ሞጁሎች አዘጋጅተው ነበር፤ ንድፈ ሐሳቡን እዚያው በሥራ ቦታቸው እያጠኑ፣ ለተግባር ልምምዱ ብቻ እንዲሰበሰቡ።

ከሁሉም የሚያስተምረኝ ግን የሩዋንዳው ነው። በሟቹ ዶክተር ፖል ፋርመርና በባልደረቦቻቸው የተመሠረተው ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ፣ ስሙን ከዚሁ ከጤና ፍትሐዊነት የወሰደ ዩኒቨርሲቲ በሩዋንዳ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ የማስተርስ ተማሪዎች እየሠሩ በትርፍ ጊዜ ለሁለት ዓመት የሚማሩ ባለሙያዎች ነበሩ። በኋላ ግን ፕሮግራሙ ወደ አንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት ተለወጠ፤ ግቢውም ከዋና ከተማው ርቆ በሰሜን ቡታሮ ኮረብታ ላይ ተሠራ። ከጎኑ ያለው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ከመከፈቱ በፊት ከ300,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርበት የቡሬራ ወረዳ በወጉ የሚሠራ ሆስፒታል አልነበረውም። ሁለቱም አካሄድ አንድ እምነት አላቸው፤ ተማሪው ችግሩ ካለበት ቦታ አይራቅ። የመጀመሪያው ተማሪውን በሥራው ላይ ተወው፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲውን ወደ ገጠር ወሰደው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ስለ ፍትሐዊነት የሚያስተምረው ዲግሪ ራሱ ለማን ነው? የውጭ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ በፓውንድ ወይም በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ክፍያውን በየሞጁሉ የሚከፍል ተማሪ በመሃል ዕዳው በእጥፍ ሊጠጋ ደረሰ፣ ደመወዙ ግን በነበረበት ቆየ። ኢንተርኔቱም አለ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም አብዛኛው የአማራ ክልል ለብዙ ወራት ከመስመር ውጭ ነበሩ። የቤት ሥራ ማስረከቢያ ቀን የሚቆርጥ ሰው ይህን ካላሰበ፣ በጣም የሚያስፈልጉትን ተማሪዎች አስቀድሞ ያባርራል። ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ «ትርፍ ጊዜ» የሚለው ግምት ራሱ ይፈተናል። ከሥራ መልስ ምድጃና ልጆች የሚጠብቋት ነርስ ትርፍ የምትለው ሰዓት ከሌሊት እንቅልፏ የሚቀነስ ነው። ቀጣሪ መሥሪያ ቤት በሳምንት ግማሽ ቀን ለጥናት ቢፈቅድላት ከብዙ የነፃ ትምህርት ዕድል ይበልጥባታል።

የንባብ ነገርም ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ተማሪው በምዝገባ ላይ እስካለ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ክፍት ነው፤ በተመረቀ ማግስት ይዘጋበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ ለድሃ አገሮች ተቋማት የጤና መጽሔቶችን በነፃ ይከፍታል፤ የሚመዘገበው ግን ግለሰቡ ሳይሆን ተቋሙ ነው። ስለዚህ ተማሪው ገና በትምህርት ላይ ሳለ ሆስፒታሉን ወይም የዞኑን ጤና መምሪያ ቢያስመዘግብ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡትም ያነባሉ።

ፕሮግራም ለመምረጥ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት እንደሚያገኝ ያጣራ። ከዚያ ወዲያ እኔ የምመክረው የመመረቂያ ጽሑፉን ደንብ ማንበብ ነው፤ ተማሪው ከራሱ የሥራ ቦታ መረጃ ተነሥቶ እንዲጽፍ ይፈቅዳል ወይ? ለምሳሌ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት እንዲሸፍን ታስቦ ነበር። ከፋዩም፣ የተከፈለለትም አንድ ዓይነት መታወቂያ ይይዛሉ። ግን እኩል ይታከማሉ ወይ? መልሱ የአባላቱን መዝገብ ከጤና ጣቢያው የሕሙማን መዝገብ ጋር በመታወቂያ ቁጥር በማመሳከር ይገኛል። ድሃዎቹ በቁጥር አንሰው ከተገኙ ምክንያቱን ለማወቅ ቤታቸው መሄድ ያስፈልጋል፤ የቀን ሥራ ላለመቅረት ይሆን? መድኃኒቱ የለም ተብለው ከውጭ እንዲገዙ ስለሚላኩ? መንገዱ ስለራቀ?

ለእንዲህ ያለ ጥናት ሁለት የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው፣ ሌላው ከክልሉ ወይም ከአገሪቱ ሥልጣን ካለው አካል። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻው በመጨረሻው ዓመት መጀመሪያ ላይ መግባት አለበት። የሕሙማኑ ስም ከመዝገቡ ወጥቶ ወደ ተማሪው ኮምፒውተር እንዳይገባም ከመረጃ ክፍሉ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ በትንሽ ወረዳ ውስጥ ስሙ ባይጻፍም ሰው ይታወቃልና። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለፈታኞቹ ሲላክ፣ ሁለት ገጽ የአማርኛ ወይም የአካባቢው ቋንቋ ቅጂ ለመድኑ ቦርድ ይቅረብ፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሳይጸድቅ።