ነጥቧ ከካርታው ላይ ስትጠፋ

ባለፈው ክረምት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ልጄ ዘንድ ከርሜ ተመልሻለሁ። ስለ አገሩ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። እኔ ግን ለዛሬ ማውጋት የፈለግሁት መዳፍ ስለምታክል አንዲት ራዲዮ ነው።

የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ አማተር ራዲዮ ይሠራል። አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ በራዲዮ የሚገናኝ ሰው ነው፤ ፈቃድ ግን ያስፈልገዋል። እዚያ የዕድሜ ገደብ የለውም። ለመጀመሪያው ደረጃ 35 ጥያቄ ይቀርባል፤ 26ቱን የመለሰ ያልፍና የራሱ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል።

ልጁ ከአባቱ ጋር ሸናንዶዋ ወደሚባለው የቨርጂኒያ ተራራማ ፓርክ ለእግር ጉዞ ሲሄድ ራዲዮዋን ቦርሳው ላይ ያስራል። እዚያ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ራዲዮዋ ያለችበትን ቦታ በጂፒኤስ እያወቀች በየጥቂት ደቂቃው በ144.390 ሜጋኸርዝ ትልካለች፤ አንድ ሰከንድ ገደማ የሚቆይ ድምፅ ነው። ከፍ ካለ ቦታ የተተከለ የቅብብሎሽ ጣቢያ ይሰማትና መልእክቱን ይደግመዋል፤ ሌላው ጣቢያ ደግሞ ከእሱ ይቀበላል። የገጠር ሰው ከኮረብታ ኮረብታ እየተጣራ ወሬ እንደሚያደርሰው ማለት ነው። ስንት ጊዜ መደገም እንዳለበት መልእክቱ ራሱ ይዞ ይጓዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። ያለዚያ ሁሉም ሲደጋግመው ሞገዱ ይጨናነቅ ነበር። በመጨረሻ ኢንተርኔት ያለው ጣቢያ ሲሰማው ካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ዘዴው ኤፒአርኤስ ይባላል። የፈለሰፉት በአናፖሊስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ቦብ ብሩኒንጋ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፈዋል።

አንድ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነጥቧ ጠፋች። ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ፣ የለም። ምራቴ ቡናውን አቁማ ስልኩን አነሳች፤ ለፓርኩ ጠባቂዎች ልትደውል። ባሏ ግን ሲወጣ «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልደወልን ያኔ ደውሉ» ብሏት ነበርና እንደምንም ታገሠች። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነጥቧ መኪናው ከቆመበት ጥቂት ራቅ ብላ ብቅ አለች። ለካ ሸለቆ ውስጥ ነበሩ።

ልጁ ሲመጣ አስረዳኝ። ይህ ሞገድ ተራራ አያቋርጥም። ሁለት ራዲዮ በአንድ ጊዜ ከላኩም መልእክታቸው ይጋጫል። ቦታን የሚነግር መልእክት ደግሞ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ስለሌለው፣ ላኪው ተሰማ አልተሰማ አያውቅም። ስለዚህ ነጥብ ሲታይ ደስ ይበላችሁ፤ ሲጠፋ ግን ምንም አልነገራችሁም። ቤተሰብ የሚይዘው አስቀድሞ የተነገረውን የመመለሻ ሰዓት ነው።

ባልና ሚስቱን ያጨቃጨቀው ሌላ ነገር ነው። ካርታውን ማንም ሰው ያየዋል። በአማተር ራዲዮ መልእክትን በሚስጥር ኮድ መደበቅ በሕግ ክልክል ነው፤ ባለፈቃዱ ያስመዘገበው አድራሻም ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጄ «ማን ያየዋል ብለሽ ነው?» ይላል። ምራቴ ግን ገና ፈቃዱ ሲወጣ በቤት አድራሻ ፈንታ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አስሞልታለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስም ራዲዮዋ ዝግ እንድትሆን አዝዛለች። እኔ ከምራቴ ጋር ነኝ። ተራራ ላይ ያለን ልጅ ዓለም ቢያየው ግድ የለኝም፤ በየቀኑ በስንት ሰዓት የትኛው በር እንደሚገባ ግን ማን እንዲያውቅ ነው?

አሁን ደግሞ ለገና ሲመጣ ራዲዮዋን ይዞ እንጦጦ መውጣት አምሮታል። ያለ ፈቃድ እንዳያመጣት ነግሬዋለሁ፤ እዚህ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አምስት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቅ የአማተር ራዲዮ ክበብ አለ። በዚህ ሳምንት ጎራ ብዬ ምን ምን እንደሚያስፈልገው እጠይቅለታለሁ።