ያልተፈረመው ፈቃድ

የጦር መሣሪያ የውጭ ሽያጭ ፈቃድ ማለት አንድ መንግሥት በግዛቱ የሚገኝ ፋብሪካ ወይም ነጋዴ ጠመንጃ፣ መድፍና ጥይት ወደ ሌላ አገር እንዲልክ በጽሑፍ የሚሰጠው ይሁንታ ነው። ከተራው የንግድ ፈቃድ የሚለየው ሕጉ መላኩን አስቀድሞ በጠቅላላ ከልክሎ ፈቃዱን በልዩ ሁኔታ የሚሰጥ በመሆኑ ሲሆን፣ በዚህም የተነሣ መንግሥት ሽያጭ ለማገድ አዲስ ሕግ ማውጣት ሳያስፈልገው አለመፈረም ብቻ ይበቃዋል።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስላልነበራት ከሻጩ ፈቃድ በተጨማሪ የመተላለፊያ ፈቃድ፣ ማለትም መሣሪያው በሌላ ግዛት ወደብና ባቡር እንዲያልፍ የሚሰጥ ይሁንታ፣ ያስፈልጋት ነበር። ጠረፉን የያዙት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ስለዚሁ ንግድ እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። በ1917 ዓ.ም. ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ በተደረገው የጄኔቫ ጉባኤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች አገራቸው ልዩ ቁጥጥር ከሚጣልበት ክልል እንድትወጣ ተከራክረው ቢረቱም፣ ጉባኤው ያወጣው የመሣሪያ ንግድ ስምምነት ከቶ ሥራ ላይ አልዋለም። በዚያው ጉባኤ የተፈረመው የመርዝ ጋዝ ክልከላ ግን ጸና፤ ከፈራሚዎቹ አንዷም በኋላ በኢትዮጵያውያን ላይ ጋዙን ያዘነበችው ኢጣሊያ ነበረች።

ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በኢትዮጵያና በሦስቱ መንግሥታት መካከል የተፈረመው ውል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ግዛቱን ከውጭ ጥቃት ለመከላከልና የውስጥ ጸጥታ ለማስከበር የሚያስፈልገውን መሣሪያ ሁሉ ማስገባት እንደሚችል አረጋገጠ። ይሁን እንጂ ውሉ የተፈተነው ኢጣሊያ በኤርትራና በሶማሊያ ጦሯን ስታከማች ነው። ሐምሌ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር መንግሥታቸው ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም ለጊዜው ፈቃድ እንደማይሰጥ ለምክር ቤቱ አስታወቁ። ክልከላው በቃል እኩል ነበር፤ ኢጣሊያ ግን አውሮፕላንና ታንክ የሚሠሩ የራሷ ፋብሪካዎች ስለነበሯት የጎደለባት ነገር አልነበረም፤ ከአምስት ኪሎ ሽቅብ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ከሆነው ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚወጣው የግዢ ትእዛዝ ግን ለንደን ደርሶ ይቆም ነበር።

ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ የከፈተችው ጦርነት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ የመንግሥታት ማኅበር አባላት በዚያው ወር ማለቂያ በኢትዮጵያ ላይ የተጣለው እገዳ እንዲነሣና በኢጣሊያ ላይ ብቻ እንዲጸና ወሰኑ። ፈቃዱ ቢከፈትም ገንዘብ መፈለጉ፣ ማዘዙ፣ በመርከብ ማስጫኑና ከወደብ ወደ ጦር ግንባር ማጓጓዙ ወራትን የሚጠይቅ ነበር፤ የማይጨው ጦርነት የተደረገው ውሳኔው ስድስት ወር ሳይሞላው፣ መጋቢት 22 ቀን ነው።