«ቢሮ»፦ ከሱፍ ጨርቅ እስከ መሥሪያ ቤት

በየዕለቱ የምንጠራው «ቢሮ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። የቃሉ የጥንት ትርጉም ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ በመጻፊያ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፍ ስለነበር ስሙ ወደ ጠረጴዛው፣ ቀጥሎም ጠረጴዛው ወዳለበት ክፍል፣ በመጨረሻም ወደ መሥሪያ ቤቱ ተሻገረ። ዛሬ ፈረንሳውያን የምርጫ ጣቢያንም፣ የትምባሆ መሸጫ ሱቅንም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተፈጠረው «ቢሮክራሲ» የተባለው ቃልም ከዚሁ የተገኘ ሲሆን የቢሮ አገዛዝ ማለት ነው።

በአገራችንም «ቢሮ» አንድም የሥራ ክፍልን፣ አንድም እንደ ግብርና ቢሮ ያለውን የክልል ተቋም ያመለክታል። ስለዚህ «ቢሮ ይሂዱ» የተባለ ባለጉዳይ የቀበሌው ክፍል፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይስ የክልሉ ቢሮ እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከከንቱ መንገድ ይድናል።