የቮልስ «ሚኒሞ» ለምን ከልክ ያልፋል? ብሎን ከመንካት በፊት መታየት ያለባቸው ነጥቦች

በተለምዶ ቮልስ የሚባለው ቮልስዋገን መኪና ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢያበቃም ዛሬም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሲያገለግል ይታያል። በዚህ መኪና ላይ ከሚያጋጥሙ የካርቡሬተር ችግሮች አንዱ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቤንዚን ሳይሰጠው በከፍተኛ ዙር መሥራቱ ነው። መካኒኮች «ሚኒሞው ከፍ አለ» ይላሉ።

ጉዳቱ ቤንዚን በማባከን ብቻ አይወሰንም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ ጫናው ወደ ፍሬኑ ያጋድላል።

ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ዙሩ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ማለቱ ግን ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቾኩ የአየር መግቢያውን ይዘጋል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ባለ ደረጃ ጥርስ ደግሞ የካርቡሬተሩን ክንድ በጥቂቱ ከፍቶ ይይዛል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ሞላ እየተፈታ ሲሄድ ቾኩ ይከፈታል፣ ዙሩም ይወርዳል።

ካልወረደ ምርመራው በቅደም ተከተል ይከናወናል። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ተነሥቶ ቾኩ ይታያል። ሞተሩ ሞቆም ካልተከፈተ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው ሽቦ ኤሌክትሪክ ማድረሱ ይፈተሻል። ቾኩ ተከፍቶ ከሆነ የቤንዚን መስጫው ገመድ አለመያዙና መመለሻው ሞላ አለመላላቱ ይረጋገጣል።

ቀጥሎ የአየር ማምለጫ ይፈለጋል። በካርቡሬተሩ መቀመጫና በአየር ማስገቢያ ቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት ውኃ ሲረጭ ዙሩ ከተለወጠ ጋስኬቱ አየር እያስገባ ነው። ለዚህ ሙከራ ቤንዚን መርጨት እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

ብሎን የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ቮልሶች ላይ በሚገኘው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡሬተር፣ የሞቀ ሞተር ዙር የሚስተካከለው በጎን ባለው ትልቁ የአየር ብሎን ሲሆን፣ ልኩ በደቂቃ ከ800 እስከ 900 ዙር ነው። በክንዱ ላይ ያለው ብሎን ለዚህ አያገለግልም፤ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ የጥርሱን ዝቅተኛ ደረጃ ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ይጠብቃል።

የቦታው ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ቤንዚን ስለሚያበዛ ሞተሩ ያጨሳል፣ ይጠፋልም። ይህን ለመሸፈን ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ችግሩን መደበቅ እንጂ መፍታት አይደለም፤ መፍትሔው የቤንዚኑን መጠን ከከፍታው ጋር ማመጣጠን ነው።

የጭሱ ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ መርዝ ስላለው ሥራው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መከናወን የለበትም። የተሰነጣጠቀ የቤንዚን ጎማም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መለወጥ ይኖርበታል።