ኤሌክትሮኒክ ቆዳ በጌዴኦ ዳገት ላይ ቢፈተን

ኤሌክትሮኒክ ቆዳ የሚባለው ገላ ላይ ተለጥፎ ከቆዳ ጋር አብሮ የሚሳብና የሚታጠፍ፣ የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ አተነፋፈስንና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየለካ ውጤቱን ያለ ሽቦ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ስስ መሣሪያ ነው። ባለሙያዎችን ብዙ ያደከማቸው መሣሪያውን እንዲሳብ ማድረጉ ነበር፤ የሰው ቆዳ 30 በመቶ ያህል ተስቦ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ብረት ግን ጥቂት ሲሳብ ይበጠሳልና። በ2011 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጆን ሮጀርስ ቡድን የወርቁን ክር እያጠማዘዘ በለስላሳ ንጣፍ ላይ አኖረው፤ ንጣፉ ሲሳብ ጠመዝማዛው ይዘረጋል እንጂ ብረቱ አይቆረጥም።

ሌላው ብልሃት ከእንስሳት የተቀዳ ነው። ሸረሪት በእግሯ መገጣጠሚያ አጠገብ ባሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ንዝረትን ታውቃለች፤ በ2014 የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አይተው በስስ የፕላቲኒየም ንጣፍ ላይ ሆነ ብለው ስንጥቅ አበጁ። ንጣፉ በጥቂቱ እንኳ ሲሳብ ስንጥቆቹ ስለሚከፈቱና ኤሌክትሪክ ለማለፍ ስለሚቸገር፣ በእጅ አንጓ ላይ ያለውን የደም ሥር ምት ለመለካት በቃ። በ2017 ደግሞ በዚያው በደቡብ ኮሪያ ከኦክቶፐስ መምጠጫ አፎች የተቀዳ፣ ያለ ሙጫ በእርጥብ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ልጥፍ ተሠራ። በደቡብ ኢትዮጵያ ላለው ቡና አብቃይ የጌዴኦ ዞን ከሁሉም የሚጠቅመው ይህኛው ሳይሆን አይቀርም፤ በቡና ወቅት እሸት ሲለቅምና በማድረቂያ አልጋ ላይ ያለውን ቡና ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያገላብጥ በሚውል ሰው ገላ ላይ ተራ ፕላስተር በላብ ይላቀቃልና።

የቴክኖሎጂው ጥቅም በሚገባ የታየው ግን በእናቶችና በጨቅላ ሕፃናት ላይ ነው። ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን እናቱ ደረቷ ላይ አድርጋ በገላዋ ታሞቀው ዘንድ ስትታገል የመለኪያ ሽቦዎቹ እንቅፋት ይሆኑባታል፤ የሮጀርስ ቡድን በ2019 ይፋ ያደረጋቸው ሽቦ አልባ ልጥፎች ይህን ችግር ለማስቀረት የታሰቡ ነበሩ። በ2021 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ ነፍሰ ጡሮችን በቺካጎ ብቻ ሳይሆን በዛምቢያዋ ሉሳካም ተከታትሏል።

ይሁንና አንድ መሣሪያ ሉሳካ ላይ ስለሠራ በጌዴኦዎቹ ዲላና ቡሌ ላይም እንዲሁ ይሠራል ማለት አይደለም። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ ይስታሉ፤ በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ሳያየው የቀረ የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። ከፍታውም ሌላ ጣጣ አለው፤ ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ሲያልፍ የቡሌ ደጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የጤነኛ ሰው የኦክስጅን መጠንም ዝቅ ይላል። መሣሪያው የሚያስጠነቅቅበት የኦክስጅን ልክ ለዲላ ተብሎ ቢወሰን የቡሌው ጤነኛ ሕፃን ያለ ሕመሙ ሐኪም ቤት ሊላክ ይችላል፤ ለቡሌ ተብሎ ዝቅ ቢደረግ ደግሞ ዲላ ላይ በእርግጥ የታመመው ሳይታይ ያልፋል።