የጥይቱ ውፍረት ወይስ የእጁ ጽናት?

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የቱርኩ ተኳሽ ዩሱፍ ዲኬች ግራ እጁን ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ሲያነጣጥር የተነሳው ፎቶግራፍ ዓለምን አዳርሷል። የ51 ዓመቱ ሰው ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ተጣምሮ ለአገሩ የብር ሜዳሊያ ያስገኘበት መሣሪያ በአየር ግፊት የሚሠራ፣ ከ4.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ እርሳስ የሚተፋ ሽጉጥ ነበር። ደማምና አል ኾበር ውስጥ ከሥራ መልስ ሻይ ይዘው በሚቀመጡ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የመሣሪያ ወሬ ሲነሳ ግን የሚደመጠው ሌላ ነው፤ ጥይቱ በወፈረ ቁጥር ሽጉጡ ይሻላል የሚል፣ ከአገር ቤት አብሮ የመጣ እምነት። ይህ እምነት በቁጥርም በታሪክም ሲመረመር ብዙም አይጸናም።

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንዴ ብቻ ይተኩሳል። ከተኮሰው ጥይት በሚያገኘው ኃይል ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ሌላ ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ካሊበር የሚባለው የአረሩ ውፍረት ሲሆን፣ በስፋት ከሚታወቁት መካከል ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው 9 በ19 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም እና አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የቀመረው 45 ካሊበር ይገኛሉ። ሁለተኛው ስያሜውን ያገኘው ከኢንች መቶኛ ልኬት ነው፤ በሚሊ ሜትር 11.4 ያህል ይሆናል።

የሁለቱን ልዩነት መዝኖ ማየት ይቻላል። የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር አረር 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሴኮንድ 360 ሜትር ገደማ ይበርራል። የ45 ካሊበሩ 15 ግራም ያህል ቢሆንም ፍጥነቱ ከ255 ሜትር ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ከአፈሙዝ ሲወጡ የሚይዙት ጉልበት ተቀራራቢ ነው፤ 500 ጁል አካባቢ። እጅ ላይ የሚያርፈው የመልስ ግፊት ግን የሚከተለው የክብደትንና የፍጥነትን ብዜት ነው። በዚህ ስሌት 45ቱ ከ9 ሚሊ ሜትሩ በሲሶ ገደማ ይበልጣል። ዒላማው ጋ ተቀራራቢ ጉልበት ለማድረስ ተኳሹ ሲሶ ተጨማሪ ግፊት ይሸከማል ማለት ነው። የሽጉጡ ክብደት ይህን ያለዝባል፤ ከአንድ ኪሎ የሚልቀው የብረት ሽጉጥ ጥይቱ ቢወፍርም ከፕላስቲክ ቅልብስ ይልቅ በእጅ ውስጥ ረጋ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ የሚሸከመው ሰው ግን ይህን ውለታ ላያመሰግን ይችላል።

ወፍራም ጥይት ዝናውን ያገኘበት ታሪክ ለሙስሊም አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። አሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፊሊፒንስን ስትይዝ፣ በደቡብ ደሴቶች የሚኖሩት የሞሮ ሙስሊሞች ለዓመታት ተዋጓት። ወታደሮቿ የታጠቁት 38 ካሊበር ሽጉጥ ሰይፍ ይዞ የሚሮጥን ሞሮ አያስቆምም የሚል አቤቱታ በረታ። የጦር ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ሙከራ አካሂዶ ወደ 45 ካሊበር አዘነበለ፤ በ1911 የብራውኒንግ ሽጉጥ ተመረጠ፤ ከ70 ዓመታት በላይም ዋና ሽጉጡ ሆኖ ዘለቀ። በ1985 ግን ያው ሠራዊት 45ቱን ትቶ 9 ሚሊ ሜትር ቤሬታን ታጠቀ። በ2017 አዲስ ሽጉጥ ሲመርጥም ከ9 ሚሊ ሜትር አልወጣም።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ያለፈበት መንገድ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሚያዝያ 11 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. በማያሚ 8 የቢሮው ባልደረቦች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን ገጥመው 2 ሞቱ፣ 5 ቆሰሉ። ገና በተኩሱ መጀመሪያ ከአንዱ ባልደረባ የተተኮሰ የ9 ሚሊ ሜትር አረር የአንዱን ዘራፊ ክንድ በስቶ ደረቱ ውስጥ ቢገባም፣ ልቡ ጋ ሳይደርስ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀረ። ሰውዬውም መተኮሱን አላቆመም። ቢሮው ጥፋቱን በጥይቱ ላይ አደረገና ኃይለኛውን 10 ሚሊ ሜትር መረጠ። ብዙ ባልደረቦች ግፊቱን መቋቋም ስላቃታቸው ባሩዱ ተቀነሰ። ባሩዱ ከተቀነሰ ረጅሙ ቀለህ ለምን ያስፈልጋል ተባለና በ1990 አጠር ያለው 40 ካሊበር ተወለደ፤ በርካታ የአሜሪካ ፖሊሶችም ታጠቁት።

ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የቢሮው የሥልጠና ክፍል ወደ 9 ሚሊ ሜትር የመመለስን ምክንያት በጽሑፍ አቀረበ። በእውነተኛ ግጭት ፖሊሶች ከሚተኩሱት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው እንደሚስት ጽሑፉ ገልጿል። የአረር አሠራር በመሻሻሉ ጥሩ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከወፍራሞቹ ጋር ተስተካክሏል፤ አብዛኞቹ ተኳሾች በእርሱ ፈጥነው ይተኩሳሉ፣ ዒላማቸውንም የተሻለ ያገኛሉ። አንድ ግዙፍ ተቋም ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ማውጣቱ ያስገርማል፤ ማንኛውም የተኩስ አሠልጣኝ ምልምሉ ምላጭ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ሲጨፍን እያየ የሚያውቀው ነገር ነውና።

የትክክለኛነት ጉዳይም ያው ነው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ሽጉጥ በማሰሪያ ጠብቆ ሲተኮስ 9 ይሁን 45 አረሮቹን አጠጋግቶ ያሳርፋል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሰው ነው። ግፊቱን የፈራ እጅ ጥይቱ ሳይወጣ አፈሙዙን ወደ ታች ይደፍቃል፤ ጥይቱ ከወጣ በኋላም ማነጣጠሪያውን ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገያል። በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ሽጉጥ ውድድሮች የሚተኮሰው ትንሹ 22 ካሊበር መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

አገር ቤት በስም የገነነው ማካሮቭ በዚህ መመዘኛ የራሱ ቦታ አለው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ያስታጠቀችው ይህ ሽጉጥ 8 ጥይት ይይዛል፤ ጉልበቱ 300 ጁል ገደማ ነው። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በቅርብ ርቀት በትክክል ይመታል። አሠራሩ ቀላል ሆኖ መልሱን የሚያረግብ ስልት ስለሌለው ግን ከጥይቱ መጠን አንጻር ሲታይ ቆንጠጥ ያደርጋል። አንድ ስህተትም በተደጋጋሚ ይሰማል፤ 9 ሁሉ አንድ ነው የሚል። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ አረሩ ከፓራቤለሙ ጥቂት ይወፍራል፤ ቀለሁም ያጥራል። አንዱ በሌላው ሽጉጥ አይተኮስም።

ተግባራዊ ጥቅሙስ? አል ኾበር መልሱን በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። ግንቦት 29 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. አውቶማቲክ ጠመንጃ የታጠቁ አጥቂዎች የነዳጅ ኩባንያ ቢሮዎችንና ኦኤሲስ የተባለውን የመኖሪያ ግቢ ወርረው፣ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሠራተኞች የሆኑ 22 ሰዎችን ገደሉ። ታግተው የነበሩት ነፃ የወጡት በማግሥቱ የሳዑዲ ልዩ ኃይል በሄሊኮፕተር ግቢው ላይ ወርዶ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት 2,000 ጁል ያህል ጉልበት ይዞ ይወጣል፤ የ9 ሚሊ ሜትሩን ወይም የ45ቱን አራት እጥፍ። በዚህ ፊት በሁለት ሽጉጦች መካከል ያለው ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። ሽጉጥ የቅርብ ርቀት መሣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ሥራ ሲሰጠው የትኛውም ካሊበር አያዋጣም።

በምሥራቁ ክፍለ ግዛት በጥበቃ፣ በሹፍርና ወይም በእርሻ ለሚሠራ ወገን ደግሞ ከካሊበሩ ምርጫ የሚቀድም ጉዳይ አለ። በሳዑዲ ዓረቢያ የጦር መሣሪያና የጥይት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃዱም በስሙ ለወጣለት ሰው ብቻ ያገለግላል። አሠሪው ሽጉጡን «ለትንሽ ጊዜ ያዝልኝ» ብሎ ቢያቀብል፣ ወይም በሠርግ ላይ አንድ እንዲተኩስ ቢጋብዝ፣ የተቀበለው እጅ በሕግ ፊት ራሱን ችሎ ይቆማል። ፍላጻ ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ መካከል የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ መሣሪያን በሰው መካከል እንዴት መያዝ እንደሚገባ ከፈቃድ ወረቀት ቀድሞ የተነገረ ሥርዓት ነው።

በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ከደማም ንጉሥ ፋህድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር መንገደኛ እንግዲህ በሁለቱም ጫፍ የሚጠብቀው ሕግ አለ። ለማስታወሻ ተብሎ ሻንጣ ውስጥ የገባ አንድ ጥይት፣ 9 ይሁን 45፣ በመፈተሻው መስኮት ላይ ጎልቶ ይታያል።